አራት ብሎን በስኒ ውስጥ

ሌባ የፈታውን ብሎን ስኒ ውስጥ አያስቀምጥም። ኢንስፔክተር ዘነበች ያን ማክሰኞ ጠዋት ወደ ክፍሉ እንደገባች ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው እዚያ ላይ ነበር። አራት ትንንሽ ብሎኖች ከንፈሯ በተሸረፈ ስኒ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ስኒዋም ማንም ረግጦ እንዳያፈሳት ከግድግዳው ጥግ ተጠግታለች። ዘነበች አየች፣ በማስታወሻዋ ላይ ጻፈች፣ ከዚያም ረሳችው። ምን ይደረግ፣ ሰው ናት።

ዘመኑ 2005 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነው። ከንፋስ መውጫ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የሩፋኤል ደብር ግቢ ውስጥ «የዜማ ክፍል» የሚሏት ባለቆርቆሮ ቤት አለች። በዚህች ቤት ያለው ኮምፒውተር ጎኑ ተከፍቷል። ማይክሮፎኑ አለ፣ ድምፅ ማጉያዎቹም አሉ። በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፉም አልተነካም። የጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ከነበሩት ሁለት ሃርድ ዲስኮች አንዱ።

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው በደህና ያየኸው?» አለችው ዘነበች አንተነህን።

አንተነህ የደብሩ የቅጂ ባለሙያ ነው። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጣቶቹ ፈጣን፣ አንደበቱም ከጣቶቹ የማይተናነስ ልጅ ነው። ዛሬ ግን ቃል ይመርጣል።

«ትናንት ሰኞ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስሠራበት ነበርሁ። ደህና ነበር።»

«ቁልፍ ያላችሁ እነማን ናችሁ?»

«እኔ፣ ዘበኛው ጋሼ ካሳ፣ የዜማው ተማሪ ዲያቆን ወልደ ሩፋኤል። ወልደ ሩፋኤል ግን እናቱ ታመውበት ትናንት ሳይነጋ ወደ ሲማዳ ሄዷል።»

«እውነቱን ነው ልጄ» አሉ ከበሩ ላይ የቆሙት ጋሼ ካሳ። «የግቢውን በር የከፈትሁለት እኔ ነኝ። መጽሐፉን በማኅደሩ አድርጎ፣ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ‹ደኅና ይሁኑ› ብሎኝ ሄደ።»

ስለዚህ ወልደ ሩፋኤል ከተጠርጣሪዎች ወጣ። ሰኞ ማታ የጠፋን ዕቃ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ የሄደ ሰው አይሰርቅም።

የተሰረቀው ብረት ቢሆን ኖሮ ዘነበች ይህን ያህል ባልተጨነቀች። በእነዚያ ዲስኮች ላይ ያለው የየኔታ ገብረ ሕይወት ድምፅ ነው። የኔታ የመዋስዕት መምህር ናቸው፤ መዋስዕት ማለት ሙት የሚሸኝበት ዜማ ነው። ምልክቱ በብራና ላይ ተጽፎ አለ፤ ምልክት ግን ለሚያውቅ ማስታወሻ እንጂ ለማያውቅ መምህር አይሆንም። ደብሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስቀርጻቸው ኖረ። ቅጂው ባለቀ በሦስተኛው ወር፣ ባለፈው ክረምት፣ ሕመም ድንገት ጣላቸውና ቀኝ ጎናቸውንና አንደበታቸውን ይዞ ሄደ። እግዜር ይመስገን ቀድመን ቀረጽናቸው አለ አገሩ ሁሉ። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቹ የሚማሩት ከዜማው ክፍል ሽቦ ተስቦለት የየኔታ ቤት ከተተከለው ድምፅ ማጉያ ነው። የኔታ መደባቸው ላይ ተደግፈው ያዳምጣሉ፤ ተማሪ ሲሳሳት በግራ እጃቸው በያዙት መቋሚያ መሬቱን ሁለት ጊዜ ይመታሉ። ሁለት ጊዜ ማለት «ልክ አይደለም» ነው።

የዘነበችን አባት የሸኙት እኒሁ የኔታ ነበሩ። ያን ቀን ያለቀሰችው በሐዘን ብቻ አልነበረም፤ በዜማውም ነው።

«የቀረው ዲስክስ ደህና ነው?» ስትል ጠየቀች።

አንተነህ ወለሉን አየ። «ሌባው ሲነቅል የቀረውን ጎድቶት እንደሆነ አላውቅም። ማየት አለብኝ። ልክፈተው? ተማሪዎቹ ቆመው ይውላሉ።»

ዘነበች አሰበች። አሻራ ለመፈለግ እንዳይባል፣ ክፍሉን ሲጠርግና ሲነካካ ያልዋለ የለም። የቀረው ደግሞ አልተሰረቀም። «እንግዲያስ ሥራህን ሥራ» አለችውና በማስታወሻዋ ላይ «ኮምፒውተሩ ለባለሙያው ተመልሷል» ብላ ፈረመች።

*

የኔታ ቤት ስትገባ አራት ተማሪዎች ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ከመደቡ በላይ መጻሕፍት በየማኅደራቸው ከችካል ላይ ተንጠልጥለዋል። አንድ ብራና ግን እርቃኑን መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ አቧራ እንዳይነካው ነጠላ ጣል ተደርጎበታል።

ጉልበታቸውን ስማ ተቀመጠች። «የኔታ፣ ከዜማው ክፍል አንዱ ዲስክ ጠፍቷል። ማን እንደወሰደው ያውቃሉ?»

የኔታ አልደነገጡም። ይልቁንም በደህናው የፊታቸው ጎን ፈገግ አሉ። ከዚያ መቋሚያውን አንሥተው በተከፈተው በር በኩል ወደ ደቡብ አመለከቱ።

«ገበያው ነው» አሉ ተከትለዋት የመጡት ጋሼ ካሳ ቀበል አድርገው። «ወዲያ ያለው ገበያው ነው። የቢሻው ሱቅ አለ አይደል? የተሰረቀ ሁሉ እሱ ዘንድ አይደል የሚገባው!»

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መቋሚያውን እንደገና ወደ ደቡብ ዘረጉ፤ ከዚያም መሬቱን ሁለት ጊዜ መቱ። ዘነበች ግን ተነሥታ ነበር። ልብ ብላ ብትቀመጥ ኖሮ ምን ነበረበት! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ያፈሰሰውን የለቀመ ግን ዕድለኛ ነው።

*

ቢሻው ስልክ ይጠግናል፣ ባትሪ ያከራያል፣ ያረጀ ኮምፒውተር ገዝቶ አካሉን ይሸጣል። ዘነበች ከመደርደሪያው ሦስት ሃርድ ዲስክ አወረደች።

«ይህ የማነው?»

«የአንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው፤ ተቃጥሎ ነው። ያኛውም ሞቷል። ሦስተኛው የራሴ ነው፤ ከፍተው ይዩት፣ ዘፈን ብቻ ነው።»

ከፍታ አየች። ዘፈን ብቻ ነበር።

«ሰኞ የት ነበርህ?»

«እዚሁ ነበርሁ። አላመኑኝ እንደሆነ ደብተሬን ይዩ፤ ዕቃ የወሰደ ሁሉ ፈርሞ ነው የሚወስደው።» ደብተሩን ዘርግቶ ሰጣት፤ ከዚያም ጆሮውን እያከከ «ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ። «ሁለቱ ዲስኮች እንዴት ነበር የተገጠሙት? ለየብቻቸው ነው የሚሠሩት ወይስ ተጣምረው?»

«እኔ የማውቀው ሁለት መሆናቸውን ነው» አለች ዓይኗን ከደብተሩ ሳታነሣ። ደብተሩ ላይ ያገኘችው ነገር ጆሮዋን ዘግቶት ነበር። «ሰኞ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ የካሜራ ባትሪ ሁለት፣ ለእስቴ ሠርግ» ይላል። ከጎኑ ያለው ፊርማ የአንተነህ ነው።

ንፋስ መውጫና እስቴ ደግሞ ጎረቤት ቤት አይደሉም። ሰኞ ጠዋት ለሠርግ ወደ እስቴዋ መካነ ኢየሱስ የሄደ ሰው ሰኞ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የዜማ ክፍል ውስጥ አይሠራም።

*

ረቡዕ ጠዋት አንተነህን ኮምፒውተሩ ፊት አገኘችው። ማሽኑ ይሠራል፤ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል።

«ተነሣልህ?»

«ማሽኑ ተነሥቷል። ቅጂው ግን... የቀረው ዲስክ ተበላሽቷል። የጠፋው ካልተገኘ የየኔታ ቅጂ የለም።»

ሁለት ዓመት ድምፅ፣ አንድ የእጅ መዳፍ የምታህል ብረት ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

«ሰኞ የት ነበርህ?»

«እዚህ...»

«እስቴ ነበርህ። ሠርግ ስትቀርጽ ነበር።»

አንተነህ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ደብሩ ይህን ማሽን ለሠርግ እንዳልነካው ቃል አስገብቶኛል። እየነካሁት ነው። ሰኞ አልነበርሁም ካልሁ የት ነበርህ ይሉኛል፤ እሱን ፈርቼ ነው። አልሰረቅሁም፣ በሩፋኤል!»

«ከእሑድ ወዲህ ታዲያ ክፍሉን አላየኸውም?»

«እሑድ ቀን ዘግቼ ወጣሁ። ከዚያ ዛሬ... ማለቴ ትናንት ማክሰኞ ነው የከፈትሁት።»

«ሌላ የደበቅኸኝ ነገር አለ?»

«የለም» አለ። አለ፤ ግን ዓይኑ ወደዚያ ብልጭ ድርግም ወደሚለው መብራት ሄደ። ዘነበችም አየችው፤ ያፈረ መሰላት።

*

ውሸቱ ሲነሣ ቀኑ ተቀየረ፤ ቀኑ ሲቀየር ሰውየው ተቀየረ። ዲስኩ የጠፋው እሑድ ከሰዓት ወዲህ በማናቸውም ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ሰኞ ጎሕ ሲቀድም ቢሆን።

ዘነበች በቢሮዋ ተቀምጣ ማስታወሻዋን ከመጀመሪያው አነበበች። በሩ በቁልፍ ነው የተከፈተ። ብሎኖቹ በስኒ ተቀምጠዋል፤ ይህ የሚመለስ ሰው ሥራ ነው። ወልደ ሩፋኤል «መጽሐፉን በማኅደሩ አድርጎ» ሄደ ብለዋል ጋሼ ካሳ። ሆኖም መጽሐፉ አልሄደም፤ የኔታ መደብ ላይ እርቃኑን ተቀምጧል። እንግዲያ ማኅደሩ ውስጥ ምን ነበር? መቋሚያውስ ወዴት ነው የጠቆመ? ወደ ደቡብ። ገበያው ወደ ደቡብ ነው፤ ከገበያው አልፎ ተራራውን ሲሻገሩት ግን ሲማዳ ነው።

«አዬ ዘነበች» አለች ለራሷ ጮክ ብላ። ወልደ ሩፋኤል ዘንድ ስልክ ደወለች፤ ኔትወርክ በሌለበት አገር ስልክ ምን ያደርጋል። በማግሥቱ ወደ ወገዳ የሚሄድ መኪና ላይ ተሳፈረች።

*

ከወገዳ በኋላ ሦስት ሰዓት በእግር ነው። አገሩ ሁሉ አውድማ ላይ ነበር። ወልደ ሩፋኤልንም ያገኘችው እዚያው ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው ቀጭን ሰው፣ መንሽ ይዞ የእናቱን ገብስ ለነፋስ ይሰጣል። ሲያያት አልሸሸም። መንሹን ሰክቶ፣ ገለባውን ከፀጉሩ እያራገፈ፣ እጅ ነሣት።

«ኢንስፔክተር! ምን አመጣዎ ይህን ያህል አገር? የኔታ ምን ሆኑ?»

«የኔታ ደህና ናቸው። ዲያቆን፣ ዲስኩ የት ነው ያለ?»

«ዲስኩ?» አለ። «አለ እንጂ። እቃ ቤት ነው።»

ዘነበች ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ሰው ሰርቆታል ብለን ከተማውን ስናተራምስ ሰነበትን እኮ!»

«ሰርቆ?» ወልደ ሩፋኤል የምሩን ደነገጠ። «ኧረ በማርያም! እኔ ሁለተኛውን ቅጂ ወደ እቃ ቤት አገባሁ እንጂ ምን ሰረቅሁ? ይህ የአባቶች ሥርዓት ነው። ትልቅ መጽሐፍ ሲጻፍ ሁለት ይጻፋል፤ አንዱ ለአገልግሎት፣ አንዱ ለእቃ ቤት። እሳት ይነሣል፣ ጦር ይመጣል። ሁለቱን በአንድ ቤት ያስቀመጠ አንድም የለው። የት እንደገባም አይነገርም፤ የተነገረ ዕቃ አይደበቅምና።»

«ለአንተነህስ ለምን አልነገሩትም?»

«ኅዳር ላይ መብራቱ ዘሎ የጎረቤታችንን ቴሌቪዥን ሲያነደው ጠየቅሁት። ‹አንዱን ወደ ሌላ ቦታ እንውሰደው› አልሁት። ‹ከዚህ አይነቀልም› አለኝ። ‹ሁለት ያደረግኸው ለምንድን ነው ታዲያ?› ስለው ‹ለጥንቃቄ ነው፣ አትጨነቅ› አለኝ። አቧራ ሲጠርግ እንዴት እንደሚከፍተው አይቼ ነበር። ለየኔታ ነገርኋቸው፤ በመቋሚያቸው ራሴን ነክተው ባረኩኝ። ይመስክሩ!»

መስክረው ነበር። መስካሪ አላጡም፤ የሚሰማቸው አጡ እንጂ።

እቃ ቤቱ ከእናቱ መንደር ደብር በስተጀርባ ያለ የድንጋይ ቤት ነው። ቄሰ ገበዙ ሁለት ቁልፍ ከፈቱ። ዲስኩ በንጹሕ ነጠላ ተጠቅልሎ፣ ከቆዳው ማኅደር ውስጥ፣ ከዳዊትና ከስንክሳር መካከል ተቀምጧል። ጭረት የለበትም። ዘነበች እጇ ላይ ሲያርፍ እንባዋ መጣ፤ አላፈረችበትም። አዳነው፣ አለች በልቧ፤ ይህ ሰው አዳነው።

*

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሁለቱ የዜማው ክፍል ደረሱ። ወልደ ሩፋኤል ማኅደሩን ከአንገቱ አወረደ። ተማሪዎቹ በሩ ላይ ተሰብስበው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ጋሼ ካሳ አማተቡ።

አንተነህ ብቻ አልተደሰተም። ዲስኩን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ግጠመው» አለች ዘነበች።

ገጠመው። ብሎኖቹን ከስኒው እያነሣ አንድ በአንድ አጠበቀ። ማሽኑ ተነሣ። ምንም አልመጣም።

«ተሰብሮ ነው?» አለ ወልደ ሩፋኤል። «እንደ ሕፃን አቅፌ ነው የወሰድሁት!»

«አልተሰበረም። ደህና ነው» አለ አንተነህ ቀስ ብሎ። «ብቻውን ግን አይነበብም።»

«ለምን?»

አንተነህ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ ያለውን የተናገረው ለወልደ ሩፋኤል ነው፤ ዘነበችን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

«ሁለት ጸሐፊ አስብ። አንዱ አሠራር እያንዳንዱ ሙሉውን መጽሐፍ እንዲጽፍ ነው። ያዘግማል፤ ግን አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ። ሌላው አሠራር ደግሞ አንዱን መጽሐፍ ተካፍለው እንዲጽፉ ነው፤ አንዱ አንድ ቃል ሲጽፍ ሌላው የሚቀጥለውን ይጽፋል። በግማሽ ጊዜ ያልቃል፤ ሲነበብም ይፈጥናል። አንዱ ብራና ለብቻው ግን ትርጉም የለውም።»

«አንተ የትኛውን አደረግህ?» አለ ወልደ ሩፋኤል፤ መልሱን እያወቀ።

«የሚፈጥነውን። የሠርግ ቪዲዮ ከባድ ነው፤ በአንድ ዲስክ ፍጥነት ሲሠራ ቀኑን ይበላዋል። ‹ለጥንቃቄ ነው› ያልሁህ... ዋሸሁህ።»

«ይሁን እንጂ» አለች ዘነበች ጣልቃ ገብታ፤ ተስፋ ክፉ ነገር ነው፣ ሳይጠሩት ይመጣል። «ይሁን እንጂ ሁለቱም አሁን እዚህ ናቸው። ግማሹ በዚህ፣ ግማሹ በዚያ። አንድ ላይ አንብባቸው!»

አንተነህ ማሽኑን ቀድሞ በነበረው ዲስክ ከፈተው። በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ሙሽራ መጣች። ሰው ይጨፍራል፤ አጃቢው ያጨበጭባል። የእስቴው ሠርግ ነው።

«ማክሰኞ እርስዎ እንደሄዱ አጠፋሁትና እንደ አዲስ አዘጋጀሁት» አለ። «ሌባ የወሰደው ነገር ተመልሶ ያውቃል? የቀረው ግማሽ ከእንግዲህ ዋጋ የለውም አልሁ። ሰው ከፍቶ ቢያየው ደግሞ ፍጥነት ብዬ ያደረግሁት ይታወቃል። ሠርጉም ለእሑድ ይፈለግ ነበር... ስድስት ሰዓት ቪዲዮ ጻፍሁበት።»

ከውጭ የነበሩት ተማሪዎች ያልገባቸው መስሏቸው እርስ በርስ ተያዩ። ገብቷቸው ነበር።

ዘነበች ባሕር ዳር ለሚኖር አንድ ባለሙያ ስልክ ደወለች። ሰውየው በትዕግሥት ሰማት። «ጠፍቶ ብቻ ቢሆን እንሞክር ነበር» አላት። «ከላዩ ተጽፎበታል?» «ተጽፎበታል» አለችው። እሱም «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ዘጋ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚባለው።

«እሰሩኝ» አለ አንተነህ ሁለት እጁን ዘርግቶ።

ዘነበች ማስታወሻዋን ገለጠች። ሌባ የለም። የተሰረቀ ዕቃ የለም። ያለው አንድ መስመር ነው፤ «ኮምፒውተሩ ለባለሙያው ተመልሷል» የሚል፣ በራሷ እጅ ተጽፎ በራሷ የተፈረመ።

«በምን ልሰርህ?» አለችው። «አድርግ ያልሁህ እኔ ነኝ።»

*

የኔታ እየጠበቁ ነበር። መጥተዋል መባሉን ሰምተው ነጠላቸውን አስተካክለዋል። ወልደ ሩፋኤል ዲስኩን ጉልበታቸው ላይ አኖረው። በግራ እጃቸው ዳሰሱት፤ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ በመቋሚያው ወደ ድምፅ ማጉያው ጠቆሙ። አስጀምሩት ማለታቸው ነው።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ይህን መናገር የማን ሥራ እንደሆነ ዘነበች ታውቃለች። በጉልበቷ ተንበርክካ «የኔታ፣ ዜማው የለም» አለቻቸው። «ጠፍቷል። እኔም እጄ አለበት።»

ረጅም ጊዜ አዩዋት። የተረዷትም መሰላት፤ እንዳልተረዷትም ተመኘች። በኋላ ፊታቸውን ወደ ወልደ ሩፋኤል መልሰው መሬቱን አንድ ጊዜ መቱ። ጀምር ማለት ነው።

ወልደ ሩፋኤል የመዋስዕቱን ሲሶ እንኳ አላደረሰም። ቢሆንም ተነሥቶ ጀመረ። ድምፁ መጀመሪያ ተሰበረ፣ ኋላ ቆመለት። መቋሚያው በየልኩ እየወደቀ ተከተለው። ተማሪዎቹ ጎንበስ ብለው ሰሙ። ጥሩ ሄደ፤ አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ። ከዚያ ዜማው ከሚወጣበት ቦታ ደረሰና መቋሚያው ሁለት ጊዜ መታ።

መለሰው። ሁለት ጊዜ መታ። ከፍ አድርጎ ሞከረው፤ ሁለት ጊዜ። ዝቅ አድርጎ፣ አስረዝሞ፣ አሳጥሮ ሞከረው፤ ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ላቡ በግንባሩ ወረደ። የኔታ ሊያሳዩት ፈልገው አፋቸውን ከፈቱ፤ አንገታቸው ተገተረ፤ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ወልደ ሩፋኤል እንባውን በነጠላው ጠርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ። እዚያው ቦታ ሲደርስ መቋሚያው መሬቱን ሁለት ጊዜ መታ።